የአባባ አሥራ አንድ ቋጠሮ

ይድረስ ለምወድህ ታላቅ ወንድሜ ለጋሼ ተገኝ ዳርጌ፤
ድሬዳዋ።

ጋሼ፣ እንዴት ከርመሃል? ያ አምና ያስተኛህ ወገብህ እንዴት ሆነ? ባለቤትህ ሐና ደህና ናት? ትንሿ ያለምወርቅ መዳሁን ትታ መሮጥ ጀመረች? የድሬዳዋ ሙቀትስ ዘንድሮ እንዴት ይዟችኋል? እኛ በጌታ ቸርነት አለን። እማማ ጉልበቴን ትላለች እንጂ የገበያ ቀን ሲሆን ከሁላችንም ቀድማ ትደርሳለች። ታናሻችን እልፍነሽ የስድስተኛ ክፍል ፈተናዋን ጨርሳ ውጤት ትጠብቃለች፤ ከአሁኑ ግን አለፍኩ ብላ ጎረቤቱን ሁሉ አስመርቃለች። ላሚቱ ወልዳለች። ሐና እንዳትቀየመን እንጂ ጥጃዋን እማማ ያለምወርቅ ብላታለች፤ የልጅ ልጄን ባላያት ስሟን እንኳ ስጠራው ልዋል ነው የምትለው። ማለዳ ማለዳ ያለምወርቅ ነይ ስትል ብትሰማ ሳቅህም እንባህም አንድ ላይ ይመጣ ነበር።

የአባባን ጤና ሳልጽፍ ያለፍኩት ረስቼው አይደለም፤ የዚህ ደብዳቤ ጉዳይ እሱ ስለሆነ ነው። ደብዳቤው ረጅም ነው። ከፈረቃህ ወጥተህ፣ እግርህን ታጥበህ፣ ተረጋግተህ ተቀመጥና አንብበው። ወረቀቱ የመሥሪያ ቤት አይደለም፤ ከሱቅ የገዛሁት የራሴ ደብተር ስለሆነ እንደ ልቤ እጽፋለሁ።

የአባባ ቀኝ ዓይን አምና እንደጻፍኩልህ ጠፍቷል። ግራውንም ሞራ እየሸፈነው ነው። ፊቱ የቆመው ሰው መሆኑን ያውቃል፣ ማን መሆኑን ግን ድምፁን ሳይሰማ አይለይም። የጤና ጣቢያው ድሬሰር አይቶት፣ ሞራ ስለሆነ ይገፈፋል፣ ሐኪም እጅ ከገባ ያያል ብሎናል። የዓይን ሐኪሞች አርባ ምንጭ ድረስ የሚመጡት በዓመት አንድ ጊዜ ነው፤ ዘንድሮ የሚቆዩትም እስከ ሰኔ ሃያ ነው ተባለ። ለዚያ የነፃ ሕክምና ወረቀት ያስፈልጋል። ወረቀቱ ላይ ደግሞ የእኔው መሥሪያ ቤት ኃላፊ፣ የጓድ ተሰማ ፊርማና ማኅተም ያስፈልጋል።

ይህን ስታነብ ታዲያ አንቺ እዚያው አይደለሽም ወይ እንደምትል አውቃለሁ። እኔም ለአባባ ወረቀቱን ስጠኝ፣ ጓድ ሲገቡ አስፈርሜ አመጣልሃለሁ ብዬው ነበር። አባባን ታውቀዋለህ። ልጄ በምትሠራበት ቤት በጓሮ በር አልገባም፣ ፊት አይቶ ማድላት ኃጢአት ነው ተብሎ ተጽፏል፣ ሌላው ሰው በተሰለፈበት እሰለፋለሁ አለኝ። ተሰለፈም።

እኔ ደግሞ ከመዝገብ ቤት ወጥቼ በሩ አጠገብ ባለችው ጠረጴዛ ባለጉዳይ እንድቀበል ከተመደብኩ ሦስት ዓመቴ ነው። ሥራሽ ምንድን ነው ብትለኝ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ ጓድ ስብሰባ ላይ ናቸው፣ ነገ ይምጡ። ከኦሞራቴ ጭነት መኪና ላይ አቧራ ለብሶ ለመጣ ሰውም ብዬዋለሁ፣ ከቱርሚ በእግሩ ለመጣም ብዬዋለሁ። ክፋት ኖሮኝ ሳይሆን ሥራዬ ነው ብዬ ነው። አባባ ተራው ደርሶ ፊቴ ሲቆም ግን ቃሉ ከበደኝ። በመጀመሪያው ቀን ወረቀቱን ተቀብዬ ጓድ ጠረጴዛ ላይ ካለው ክምር ጨመርኩና፣ በቋንቋችን በአሪኛ ነገ ና አልኩት። በሁለተኛው ቀን ወደ አማርኛ አዞርኩት፤ በአማርኛ ሲሆን የመንግሥት ቃል እንጂ የእኔ ቃል የማይሆን መስሎኝ ነው። እሱ ግን በሁለቱም ቋንቋ እሺ የኔ ልጅ ብሎኝ ይሄዳል። ከመንደራችን ከገዘር ከገበያተኞች ጋር ማለዳ እየተነሣ፣ የሰው ትከሻ ይዞ እየመጣ፣ አሥራ አንድ ጊዜ እንዲህ አድርጌ መለስኩት።

የጓድ ተሰማንም ስም በከንቱ ማጥፋት አልፈልግም። ጨካኝ ሰው አይደሉም፤ ጉቦም አይነኩም። ስብሰባ የሚባለው ነገር ነው የዋጣቸው። ከአንዱ ሲወጡ ሌላው ይጠብቃቸዋል፤ በዚያ መሐል ጠረጴዛቸው ላይ የሰው ወረቀት እየተከመረ አቧራ ይጠጣል። እኔም እዚያው ሆኜ ይህን ለምጄው ነበር፤ የለመዱት ነገር አይታይም።

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም እንዲሉ፣ ይህን ነገር ያሳየን ፊልም ነው። ግንቦት ሃያ አንድ ቀን ተንቀሳቃሽ ሲኒማ ወደ ጂንካ ይመጣል ተብሎ በድምፅ ማጉያ ተለፈፈ። ፊልሙ ከአንድ ወዳጅ ሶሻሊስት አገር የመጣ፣ ወደፊት ስለሚሆን ዘመን የሚናገር፣ የበዝባዦችን ግፍ የሚያጋልጥ ነው ተባለ። ቦታው የአውሮፕላን ማረፊያው ሜዳ፣ ሰዓቱ ሰባት ሰዓት።

ይህ ሰባት ሰዓት ነው ጉድ ያደረገን። ማስታወቂያውን የጻፈው ሰው በፈረንጅ ሰዓት ነው የጻፈው፤ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ማለቱ ነበር። ጂንካ ግን ሰባት ሰዓት ካሉት ሰባት ሰዓት ነው። ፀሐይ አናት ላይ ስትወጣ ከየቀበሌው ሰው ሜዳው ላይ ግጥም አለ። መኪናዋ ቆማለች፣ ነጩ ሸራ ተወጥሯል፣ ፀሐዩ አናት ይበሳል። መሣሪያውን የሚያንቀሳቅሰው ሹፌር ተፈሪ የሚባል ሰው ነው፤ ካልጨለመ ፊልም አይታይም ብሎ ቢምል ቢገዘት የሚያምነው አጣ። ሰው ቦታዬን እቀማለሁ ብሎ ወደ ቤቱ አይሄድም። እንዲሁ ስድስት ሰዓት ሙሉ ተቀምጠን፣ ሜዳው ላይ የሚግጡት ከብቶች ጠግበው ወደየቤታቸው ሲነዱ እያየን ጠበቅን።

አባባም መጥቶ ነበር። በማግሥቱ ለአሥራ ሁለተኛ ጊዜ ሊሰለፍ እኔ ዘንድ አድሮ ስለነበር፣ ባላየው እንኳ እሰማዋለሁ ብሎ አብሮኝ ወጣ። አጠገቤ ተቀምጦ ሳለ ከኮቱ ኪስ የልጥ ገመድ ሲያወጣ አየሁት። ገመዱ ዳር እስከ ዳር ተቋጥሯል። የበናውን ወዳጁን ሻንቆን ታስታውሰዋለህ፤ ማር ይዞልን መጥቶ በቆሎ ጭኖ የሚሄደውን። ልጁ ለወንድነት የሚዘልበት የከብት ዝላይ ሥርዓት ሲደርስ እንዲህ ያለ የተቋጠረ ገመድ ለአባባ ሰጥቶት ነበር። በየማለዳው አንዷን ቋጠሮ እኔ ልፍታ እኔ ልፍታ እየተባባልን እኔና አንተ ስንደባደብ እማማ በቁንጥጫ ትገላግለን ነበር። የመጨረሻዋ ስትፈታ የጥሪው ቀን ደረሰ ማለት ነው።

አባባ ያንን ገልብጦታል። ሻንቆ ቀን እየፈታ ወደ ደስታ ይሄድ ነበር፤ አባባ ቀን በጠፋበት ቁጥር ይቋጥራል። ምንድን ናቸው ብለው፣ የነገ ና ቀኖች ናቸው አለኝ። በጣቴ ዳበስኳቸው፤ አሥራ አንድ ናቸው። ከዚያ ጫፉ ላይ አንዲት ልል ቋጠሮ አበጀና፣ ይቺ የዛሬዋ ስድስት ሰዓት ናት፣ ሙሉ ቀን ስላልሆነች አላጠበቅኳትም አለ። ልስቅ ቃጥቶኝ ነበር። አሥራ አንዱን ያሰረው የእኔ አፍ መሆኑ ትዝ ሲለኝ ግን ተውኩት።

ፊልሙን ወደ አሪኛ እንድተረጉም የታዘዝኩት እኔ ነኝ። ለበናና ለሐመር ሰዎች ደግሞ የመዝገብ ቤቱ ሶርሳ ይተረጉማል። ከፊልሙ ጋር በአማርኛ የተጻፈ አራት ገጽ ማብራሪያ መጥቶልናል። ሲጨልም ተጀመረ። ወደፊት በሚመጣ ዘመን ያለ ከተማ ነው። ፎቁ ደመና ይነካል፣ መኪናው ያለ ጎማ ይሄዳል። በዚያ ከተማ ድሃ ሰው የሚሸጠው እህል አይደለም፣ ጊዜውን ነው። ወንበር ላይ ያስቀምጡትና መዘውር ሲያዞሩ ከደረቱ ቢጫ ብርሃን እየወጣ በመስታወት ማሰሮ ይጠራቀማል። ሰውየው ዳቦውን ተቀብሎ ይወጣል፤ ጥቁር ሆኖ የገባው ፀጉሩ ሸብቷል። ሀብታሙ ማሰሮውን ይገዛና ይጠጣዋል። ሦስት መቶ ዓመት የኖረው ጌታ ፊቱ የሙሽራ ፊት ነው። ማሰሮው በቢጫ ብርሃን ሲሞላ ሜዳው ሁሉ በአንድ ድምፅ ማር ነው አለ። ማር አይደለም ብለን እኔም ሶርሳም ብንለፋ አልሆነም። ከዚያ በኋላ ሰው ሁሉ የሚያየው የማር ሌባ ሆነ።

እኔን የቸገረኝ ጊዜ የሚለው ቃል ነው። ማብራሪያው አንዲት ልብስ አጣቢ ለልጇ መድኃኒት ብላ ጊዜዋን ሸጠች ይላል። በእኛ ቋንቋ ጊዜ ሸጠች ብል ማን ይረዳኛል? ዝናብ ራሱ ጊዜ ነው፣ አዝመራ ራሱ ጊዜ ነው፤ ማን ይሸጠዋል? ማይክራፎኑን ይዤ ትንሽ ተንተባተብኩና፣ ነገዋን ሸጠች አልኩ። ሶርሳም ከእኔ ሰምቶ በበና ቋንቋ እንደዚያው አለ። ሜዳው ወዲያው ገባው። ደስ ብሎኝ በዚያው ቀጠልኩ። ሀብታሙን ነገ በሊታው አልኩት። ነገ በሊታው ምድር ቤቱ ውስጥ የሰው ነገ በማሰሮ ደርድሯል አልኩ። ነገ በሊታው ጠግቦ ተኝቷል፣ ነገዋን ያጣችው ሴት በር ላይ ቆማለች አልኩ። በእውነት ነው የምልህ፣ ምን እያልኩ እንደሆነ አላስተዋልኩም። ሰዎቹ ግን ቀስ በቀስ ከሸራው ወደ ፊተኛው ወንበር፣ ጓድ ተሰማ ወደተቀመጡበት፣ ዓይናቸውን ያዞሩ ጀመር።

በመጨረሻ ልብስ አጣቢዋ፣ በወጣትነቷ ፀጉሯ ነጭ ሆኖ፣ የራሷን ማሰሮዎች ላስመልስ ብላ የምድር ቤቱን በር ሰብራ ገባች። ማሰሮው እልፍ ነው። አንዱም ላይ ስም የለበትም። የትኛው የእሷ እንደሆነ በምን ትወቀው? ቆማ ግራ ቀኝ ታያለች። እዚህ ላይ ስንደርስ ጄኔሬተሩ ሁለት ጊዜ አስሎ ቀጥ አለ፤ ሸራው ጨለመ። ተፈሪ በባትሪ እያበራ ቢነካካው አልነሣም አለ። ጓድ ተሰማ ሕዝቡን ለማረጋጋት ተነሡ። ልማድ ሆኖባቸው ነው እንጂ አስበውበት አይመስለኝም፤ ጓዶች፣ ቀሪውን ነገ ታያላችሁ፣ ነገ ኑ አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው ተርጉሚ አሉኝ።

ተረጎምኩ። ያለ ማይክራፎን፣ ባለኝ ድምፅ፣ ነገ ኑ አልኩ። ከዚያ ከኋላ አንዲት አሮጊት ሳቀች። ወዲያው ሜዳው በሙሉ፣ አሪው በናው፣ ነጋዴው አስተማሪው፣ ሆዱን ይዞ ሳቀ። አንዱ ማራችንን መልሱ ይላል፣ ሌላው ነገዬ የት ገባች ይላል። ጋሼ፣ ብትኖር እንዴት ደስ ባለህ። ጓድ ተሰማ ምን እንዳሳቀን ስላልገባቸው አብረውን ሳቁ። አባባም እንባው እስኪፈስ ሳቀ፤ እንዲያ ሲስቅ ካየሁት ዓመታት ሆነኝ። ያልሳቅኩት እኔ ብቻ ነኝ።

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባል የለ። ለካ አንዱ ማታውኑ አስረድቷቸው ኖሮ፣ ጠዋት ገና ከመግባቴ ጓድ ተሰማ ጠሩኝ። ማብራሪያው ፊታቸው ላይ ነው፤ ጊዜ የሚለው ቃል ሁሉ በቀይ ተሰምሮበታል። እዚህ ላይ ያለው ጊዜ ነው፣ ነገ የሚለውን ከየት አመጣሽው፣ ማንስ አዘዘሽ አሉኝ። እንዲህ ያለ ጥያቄ ወዴት እንደሚወስድ አንተም ታውቃለህ። ሥራዬ ሄደ ብዬ ነበር፤ ከሥራም የባሰ እንደሚኖር አስቤያለሁ። ግን ያን ገመድ በጣቴ ዳብሼዋለሁና መዋሸት አቃተኝ። ጓድ፣ በቋንቋችን ጊዜ አይሸጥም፣ ነገ ግን ይወሰዳል፣ እኔው ራሴ በሩ ላይ ተቀምጬ በየቀኑ የሰው ነገ እወስዳለሁ፣ ቃሉን ያገኘሁት ከሥራዬ ነው አልኳቸው። ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው የደነገጥኩት።

መልስ ሳይሰጡኝ በሩ ተከፈተ። አባባ ዱላውን አስቀድሞ ገባ። ተሰላፊዎቹ አንተ ቅደም ብለው አሳልፈውት ነው። እየዳበሰ ጠረጴዛው ጋ ደረሰና ገመዱን በጓድ ተሰማ ፊት አስቀመጠው። ተርጉሚ የሚለኝ ሰው ሳልጠብቅ በአባቴና በአለቃዬ መሐል ቆምኩ። ያለውን ልንገርህ፣ አንዲት ቃል አልጨመርኩበትም። ልከስዎት አልመጣሁም አለ። የማታዋ ሴት ማሰሮዎቹ ስም ስላልነበራቸው የራሷን ማግኘት አቃታት፣ እኔ ግን ዓይን ባይኖረኝም የራሴን በጣቴ አውቃቸዋለሁ አለ። ከዚያ አንድ በአንድ እየነካ ይነግራቸው ጀመር። ይቺ መንገድ ላይ ዝናብ የደበደበኝ ቀን ናት። ይቺ እኔ እዚህ ቆሜ ዝንጀሮ በቆሎዬን የጨረሰበት ቀን ናት። ይቺ ባለቤቴ አበዛሽ ትኩሳት ይዟት ትቻት የመጣሁበት ቀን ናት። እንዲህ እያለ አሥራ አንዱንም ቆጠረላቸው። በመጨረሻ፣ ነገ ና አይበሉኝ ጌታዬ፣ የብርሃን ነገ የቀረኝ ጥቂት ነው አለ።

ጓድ ተሰማ ገመዱን አንሥተው እንደ አባባ በጣታቸው ዳበሱት። ከዚያ ወረቀቱን ከክምሩ ውስጥ ራሳቸው ፈልገው አወጡና ፈረሙበት፤ ማኅተሙንም ራሳቸው መቱት። አንድ ደቂቃ አልፈጀም። ያን አንድ ደቂቃ ሳይ ነው የተናደድኩት፤ ከፊርማው በፊት አዝኜ ነበር እንጂ አልተናደድኩም። ወረቀቱን እጁ ላይ ሲያስቀምጡለት፣ አባቴ፣ የሄዱትን ቀኖች ልመልስልዎ አልችልም አሉት። አባባም አውቃለሁ፣ ለእነሱ ሌላ የምጠይቀው ሰው አለኝ አለና ገመዱን ወደ ኪሱ መለሰ።

የእኔ ነገር እንዴት ሆነ ብትል፣ አልተባረርኩም። ጓድ ተሰማ ከሰዓት በኋላ በእጃቸው ጽፈው በር ላይ የለጠፉት ወረቀት አለ፤ ከጠዋቱ ሁለት እስከ አራት ሰዓት ስብሰባ የለም፣ ባለጉዳይ ይገባል ይላል። ሁለት ሳምንት ሆኖታል፤ ያፈረሱት አንድ ቀን ብቻ ነው። ስንት ይቆያል አትበለኝ፣ እስከቆየ ድረስ እጠቀምበታለሁ። እኔም ነገ ይምጡ ማለት ትቻለሁ። ጓድ የማይኖሩ ከሆነ የሚመለሱበትን ቀን አጣርቼ እነግራለሁ፤ ማንበብ ለማይችልና ከሩቅ ለመጣ ደግሞ በቀኑ ልክ ገመድ ቋጥሬ እሰጠዋለሁ። መሳቢያዬ ልጥ በልጥ ሆኗል። ሶርሳ የመንግሥት ገመድ እያለ ይስቅብኛል፤ የተሰጠው ሰው ግን እስካሁን ቀኑን አልሳተም።

የፊልሙን መጨረሻ ሳናየው ቀረን። በማግሥቱ ማታ ሰው ቢሰበሰብም ጄኔሬተሩ እምቢ አለ፤ ተፈሪም ማስጠገን አለብኝ ብሎ ወደ አርባ ምንጭ ተመለሰ። አሁን ጂንካ ውስጥ የራሱን መጨረሻ ያልፈጠረለት ሰው የለም። ሶርሳ ሴትዮዋ ሁሉንም ጠጥታ ሺህ ዓመት ኖረች ይላል። እልፍነሽ ነገ በሊታውን ወንበሩ ላይ አስቀምጣ መዘውሩን ታዞርበታለች። እኔ የወደድኩት የአባባን ነው። የማሰሮዎቹን ክዳን ሁሉ ከፈተችና ወጣች ይላል፤ ንብ ቀፎዋን አትስትም፣ እያንዳንዱ ብርሃን ወደየባለቤቱ ራሱ ይሄዳል።

እንግዲህ እስካሁን ወዳቆየሁት ጉዳይ፣ ወደ አንተ ደረስኩ። ወረቀቱ በተፈረመበት ዕለት ማታ አባባ ገመዱን አውጥቶ እጄ ላይ አኖረና ለተገኝ ላኪለት አለኝ። ጓድ ተሰማ ቀኖቼን ሊመልሱልኝ አይችሉም፣ ልጄ ግን ይችላል አለ። አምና በሹፌር እጅ የላክህለት ሰዓት ከእጁ ወርዶ አያውቅም። ቁጥሩ አይታየውም፤ ጆሮው ላይ አድርጎ ይሰማዋል። በዚያች ማታም ሰማውና፣ ሰዓቱ ይሄዳል፣ ልጁ አይመጣም አለ። በቁጣ ቢናገረው ይሻለኝ ነበር።

ታላቄ ነህ፣ ከአንተ ፊት ድምፄን ከፍ አድርጌ አላውቅም። ዛሬ ግን ስማኝ። ደብዳቤዎችህን በሙሉ ከሣጥኑ አውጥቼ አነበብኳቸው። በሰባ አራት ለመስቀል እመጣለሁ ትላለህ። በሰባ አምስት ፈረቃ ተቀየረብኝ፣ ለፋሲካ ይሁን ትላለህ። በሰባ ስድስት ሐናን አገባሁ፣ በሚመጣው ዓመት ይዣት እመጣለሁ ትላለህ። አምና ልጅቷ ትንሽ ትጠንክር ትላለህ። ምክንያቱ ሁሉ እውነት ነው። የጓድ ተሰማም ስብሰባ እውነት ነበር። ነገር ግን አራቱን ደብዳቤ ጎን ለጎን ሳስቀምጣቸው፣ በእኔ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠህ አባባን ነገ ና የምትለው አንተ ሆነህ አገኘሁህ። እኔ አሥራ አንድ ቀን ወሰድኩበት፤ አንተ አራት ዓመት። ጽፌዋለሁ፣ አልሰርዘውም።

አባባና እማማ ሰኞ በጭነት መኪና ወደ አርባ ምንጭ ይሄዳሉ። ተራው ሰኔ አሥራ አንድ ነው። ፋሻው ተፈትቶ ወደ ገዘር የሚመለሱት እስከ ወሩ መጨረሻ ነው። እንደሚያይ አምኛለሁ፤ በየቤቱ እየተሰበሰብን እንጸልያለን። ደግሞስ ባይሆን እንኳ፣ ያለምወርቅን ጭኑ ላይ አስቀምጦ ፊቷን በጣቱ ያየዋል። ስለዚህ የዓመት ዕረፍትህን ሐምሌ ላይ ውሰድ። ከአርባ ምንጭ ወዲህ ያለው መንገድ ያንገላታል፣ ለልጅቷ ውኃ አብዝታችሁ ያዙ፤ ጂንካ ስትደርሱ እኔ ዘንድ አድራችሁ አብረን ወደ ገዘር እንወጣለን።

ገመዱን ከዚህ ደብዳቤ ጋር አድርጌዋለሁ። እዚያ እንዳትፈታው። የአባባ ትእዛዝ ይህ ነው፤ ይዘኸው ትመጣና በየማለዳው አንዷን ቋጠሮ እሱ ፊት ትፈታለህ፤ አሥራ አንዱም ሲያልቅ ትሄዳለህ፣ አይዝህም። ጫፉ ላይ ያለችውን ልል ቋጠሮ አትንካት። እሷን ለያለምወርቅ ነው የተዋት፤ ለትንሽ ጣት አትከብድም ብሏል።

ሐናን እቅፍ አድርገህ ሳምልኝ፤ የጥጃዋን ነገር በጨዋታ አድርገህ ንገራት። ያለምወርቅን አያቷ ጣቶቿን ሊቆጥራቸው ይጠብቃል በላት። እማማ ጉንጮችህን ትስማለች፤ ስትመጣ ከስተህ እንዳትመጣ ትላለች። እልፍነሽ ብዕር ቃል ገብተህላት ነበር፣ አልረሳሁም ትልሃለች። ሶርሳ ሰላም ይልሃል። ሻንቆም ባለፈው ቅዳሜ ገበያ አግኝቶኝ የዚያ ተደባዳቢ ልጅ ነገር እንዴት ሆነ ብሎ ጠይቆሃል፤ እየመጣ ነው ብዬዋለሁ፣ አታሳፍረኝ።

አባባን ሰላምታህስ ብለው፣ ሰላምታዬ ገመዱ ነው አለኝ። ትናንት ደግሞ ስምህን ለምን እንዲህ እንዳወጣልህ ጠየቅኩት። ከአንተ በፊት ሁለት ልጆች ገና ሳይታቀፉ ሄደውበታል። አንተ ስትወለድ የጠየቀው ሀብት አልነበረም፣ ዕድሜም አልነበረም፤ ይህኛው እንኳ ስፈልገው ይኑርልኝ ብሎ ነው። ሌላ የምጨምረው የለኝም፣ ጋሼ። እንደ ስምህ ተገኝ።

እህትህ ጤናዬ ዳርጌ

ጂንካ፣ ሰኔ 7 ቀን 1978 ዓ.ም.